58 ስለተባለ ብቻ አይገጥምም፦ የሌላ ማሽን ፖርታፊልተር ከመግዛታችሁ በፊት

አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ሚኖር ጓደኛዬ ለኤስፕሬሶ ማሽኑ ሌላ ፖርታፊልተር (ቡናው ገብቶበት ማሽኑ ላይ ሚቆለፈው ባለ እጀታ ዕቃ) ገዝቶ ደውሎ «58 ነው ብሎ ሸጠልኝ እኮ፣ ለምንድነው እምቢ ሚለው?» አለኝ። ሄጄ ሳየው እውነትም 58 ነው፣ ሻጩ አልዋሸም፣ ግን ግማሽ ድረስ ገብቶ ተቀርቅሯል። እኔ ደሞ ከሱ የባሰ ሰርቻለሁ፣ የኔው ገብቶ ትንሽ ዞር አለና ቆመ፣ ያዘ ብዬ በተኑን ተጫንኩት፣ ከዛ ግድግዳው ሸሚዜ ምናምን ሁሉ ቡና በቡና።

መጀመሪያ ቁጥሩ ላይ እንግባባ። 51፣ 54፣ 58 ሚሉት ሚሊሜትር የወንፊቱ (ፖርታፊልተሩ ውስጥ ቡናውን ሚይዘው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዕቃ) እና የታምፐሩ (የቡና መጠቅጠቂያው) ስፋት ነው። ማሽኑ ላይ ሚቆልፈው ግን ወንፊቱ አይደለም፣ ጎንና ጎን ያሉት ጆሮዎች ናቸው። የጆሮው ውፍረት፣ ከላይኛው ከንፈር (ጠርዝ) ስንት ዝቅ ብሎ እንደተቀመጠ፣ ከጆሮ ጫፍ እስከ ጆሮ ጫፍ ስንት እንደሆነ ካርቶኑ ላይ አይጻፍም፣ ፋብሪካ ከፋብሪካ ሚለያየው ደሞ እዛ ጋ ነው። 51 ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ እንደውም ባለሁለት ጆሮም ባለሶስት ጆሮም አለ።

አካበድክ ካላችሁኝ ሂሳቡን እዩት። ኤስፕሬሶ ሚወጣበት 9 ባር ግፊት 58 ሚሊ ስፋት ላይ ሲያርፍ 240 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ሁለት ኩንታል ጤፍ ጭናችሁ 40 ኪሎ ጨመራችሁበት ማለት ነው፣ ይሄን ሁሉ ሚሸከሙት እነዛ ጆሮዎች ናቸው። ጫፋቸው ብቻ ነክቶ ከሆነ ሚሆነውን ከኔ ግድግዳ ጠይቁ።

እሺ ምን ከምን ይሄዳል? በጣም ቀላሉ ሴጅና ብሬቪል ነው፣ አንድ ካምፓኒ ነው፣ አውሮፓ ሴጅ ይባላል፣ አሜሪካ ብሬቪል። ስለዚ ባምቢኖ ሚባለው ማሽናቸው ከለንደን የመጣውና ከዲሲ የመጣው ፖርታፊልተር ቢቀያየሩ ችግር የለም፣ ሁለቱም 54 ናቸው (የአሜሪካው ማሽን ግን 120 ቮልት ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኩት፣ ይሄን ሳላስጠነቅቅ አላልፍም)። ግን እዛው ቤት ውስጥም ዱዋል ቦይለር ሚባለው 58 ነው፣ የባምቢኖው እሱ ላይ አይሰራም። ሁለተኛው ኢ61 ሚባል ግሩፕ (ፖርታፊልተሩ ሚቆለፍበት የማሽኑ ራስ) ያላቸው ናቸው። ፋኤማ ሚባለው የጣልያን ካምፓኒ በ1961 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዲዛይን ነው፣ ከዛ ወዲህ ሮኬት፣ ኢሲኤም፣ ፕሮፊቴክ ሚባሉት ብራንዶችም ወስደውታል፣ በነሱ መሀል አብዛኛውን ጊዜ ይቀያየራል። ጋጂያ ክላሲክና ራንቺሊዮ ሲልቪያም 58 ናቸው፣ ግን የኢ61 ግሩፕ የላቸውም፣ ስለዚ የኢ61 ነው ተብሎ የተሸጠን ነገር ሳትለኩ እንዳታመጡላቸው። ዴሎንጊ ዴዲካ ያላችሁ 51 ናችሁ፣ ከ58ቱ ጋር አትድከሙ።

ልኬቱን በሜትር አትሞክሩት፣ ካሊፐር ፈልጉ፣ ቶርኖ ቤት ያለው ሰው አያስቸግርም። የድሮውን ፖርታፊልተር ይዛችሁ ሂዱና ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ለኩ፦ የጆሮ ውፍረት፣ ከጆሮ እስከ ከንፈር፣ ከጫፍ ጫፍ። የግማሽ ሚሊ ልዩነት እንኳን ይሰማል፣ ኢ61 ላይ ራሱ ጎማው (ግሩፑ ውስጥ ውሃ እንዳያመልጥ ሚያሽገው) በ8 እና በ8.5 ሚሊ ሚሸጠው በዚ ምክንያት ነው፣ ያለችው ትንሽዬ ልዩነት እጀታው የት ጋ እንደሚቆም ትወስናለች።

ገዝታችሁ ከሆነ ደሞ ማሽኑ ቀዝቅዞ ሳለ ሞክሩት። ጆሮዎቹን በማርከር ቀቡ፣ ባዶ ወንፊት አድርጋችሁ አስገቡ፣ አዙሩ፣ አውጡት። ቀለሙ ከጆሮው ሰፋ ካለ ቦታ ላይ ተፍቆ ከሆነ ጥሩ ይዟል፣ ከጫፉ ብቻ ከተፋቀ ግን በቃ ተዉት። እጀታውንም እዩ፣ ከግራ አስገብታችሁ ወደ ቀኝ ስታዞሩ ጎማውን ጨብጦ ወደናንተ ቀጥ ብሎ ወይ ትንሽ ቀደም ብሎ መቆም አለበት። ቀጥታውን አልፎ ወደ ቀኝ ከነጎደ ጎማው አልተጨበጠም፣ ወፍራም ጎማ ይፈልጋል። ግራ ላይ ግትር ካለ ጆሮው ወፍሯል፣ ጉልበት አትጨምሩ። በሞረድ ሚያሳሱ አሉ፣ ናስ ከሆነ ይሞረዳል፣ ግን ክሮሙ ይሄዳል፣ አንዴ ካሳሳችሁት ደሞ መመለሻ የለም። እኔ አልመክርም።

ከዛ የሳንቲም ሙከራ። ቡናውን ሞልታችሁ ታምፕ አድርጉ፣ የታጠበ ሃምሳ ሳንቲም ላዩ ላይ አስቀምጡ፣ ቆልፋችሁ ውሃ ሳትለቁ አውጡት። ሳንቲሙ ቡናው ውስጥ ተቀብሮ ከተገኘ ወንፊቱ ከፍ ብሎ ተቀምጧል ወይ ቡናው በዝቷል፣ ውሃው መተንፈሻ የለውም። መጨረሻ ላይ ነው በውሃ ምትሞክሩት፣ ባለ ሶስት መንገድ ቫልቭ (ስታጠፉት ግፊቱን ሚያስተነፍስ) ማሽን ከሆነ በድፍን፣ ቀዳዳ በሌለው ወንፊት 5 ሰከንድ፣ ቫልቭ ከሌለው ግን ድፍኑን አታስገቡ፣ ግፊቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀርና ስትከፍቱት ይተፋባችኋል። ለሱ ትንሽ ቡና አድርጋችሁ ሞክሩ። እጀታው ላይ ፎጣ ጣል አድርጉ፣ ቆማችሁም ከጎን ይሁን፣ ልጅ አጠገብ አይኑር።

ብዙ ሰው ግን ፖርታፊልተር መቀየር ጭራሽ አያስፈልገውም። ምትፈልጉት የወይራ እጀታ ብቻ ከሆነ በብዙዎቹ ላይ እጀታው ተፈትቶ ይወጣል፣ ብሎኑ አብዛኛውን ጊዜ ኤም10 ወይ ኤም12 ነው፣ ለክታችሁ እሱን ብቻ ግዙ። ምትፈልጉት የተሻለ ቡና ከሆነ ደሞ ወንፊቱን ቀይሩ፣ 58 ወንፊት ከ58 ፖርታፊልተር ጋር አብዛኛውን ጊዜ ብራንድ ሳይመርጥ ይስማማል፣ ውስጥ ያለችው የሽቦ ሞላ ከያዘችው አለቀ፣ ጥልቀቱ ብቻ ታች እንዳይነካ እዩ። ፒያሳ አስፈጭታችሁ ምትጠቀሙ ከሆነ ግን ማሽኑ ጋር የመጣውን ባለ ድርብ ግድግዳ ወንፊት (ከታች አንዲት ቀዳዳ ብቻ ያለችውን) አትጣሉት፣ ነጠላው ቤት ውስጥ በደንብ ሚፈጭ መፍጫ ከሌለ ውሃ ብቻ ነው ሚያወርደው።

የጓደኛዬ በዚ መልኩ ነው የተፈታው። የተቀረቀረውን ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን በመዳፍ መታ መታ አድርገን አወጣነው፣ ወንፊቱን በካቻቢቴ ፈልቅቀን የድሮው ፖርታፊልተር ላይ አስገባነው፣ ልክክ አለ። ባዶ የቀረውን አዲሱን ፖርታፊልተር አሁን በረንዳ ላይ በሩን ንፋስ እንዳይዘጋው ማቆሚያ አድርጎታል።