ላጋርድ የትኛው? አንድ የፈረንሳይ የቤተሰብ ስም የሚጋሩ ታዋቂ ሰዎችን ለይቶ መመዝገብ

ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኘው አሮጌው የባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ለተማሪዎች ስለ ሐዲዱ ታሪክ ሳስረዳ፣ ከመካከላቸው አንዱ «ለገሃር የተባለው በሙሴ ላጋርድ ስም ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የጅቡቲውን የፈረንሳይ ገዥ ማለቱ ነበር። የሁለቱ ቃላት ድምፅ ስለሚቀራረብ እኔም «ሳይሆን አይቀርም» ብዬ አለፍኩት። ቤቴ ገብቼ ሳጣራ መሳሳቴን ዐወቅሁ። ለገሃር የመጣው «ጣቢያው» ማለት ከሆነው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን፣ ላጋርድ ደግሞ ዘብን ወይም የጥበቃ ቦታን ከሚያመለክት ሌላ ቃል የወጣ የቤተሰብ ስም ነው። በማግስቱ ልጁን ፈልጌ መልሴን አረምኩ፤ ከዚያ ወዲህም የፈረንሳይ ስም ባጋጠመኝ ቁጥር ስሙን የያዙትን ሰዎች እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ካርድ መመዝገብ ጀመርኩ። በባቡር የተቆረቆረች ከተማ ውስጥ ለሚሠራ አስጎብኚ፣ የታሪክ መምህር ወይም ተማሪ ይህ አሠራር ይጠቅማል ብዬ ስለማምን፣ ያንኑ የላጋርድን ስም ምሳሌ አድርጌ ሥራውን ከመነሻው አሳያለሁ።

ካርዱን ከመቁረጥ በፊት አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በእኛ ልማድ ከአንድ ሰው ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም ስለሆነ፣ ሁለት ሰዎች በሁለተኛው ስማቸው ቢገናኙ የምንጠይቀው «የአንድ አባት ልጆች ናቸው ወይ?» ብለን ነው። የፈረንሳይ የቤተሰብ ስም ግን ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤት ስም ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ በፈረንሳዮቹ ዘንድ ደግሞ ስሙ ከመቃብር በላይ ውሎ የልጅ ልጅን፣ የምራትን፣ አንዳንዴም የባዕድን መጠሪያ ይሆናል። በደቡብ ፈረንሳይ ላጋርድ የሚባሉ በርካታ መንደሮች ስላሉ፣ ከአንዱ መንደር የወጣው ላጋርድና ከሌላው የወጣው ላጋርድ በደም የማይገናኙ መሆናቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሰው ካርድ ስንሞላ ከሁሉ አስቀድመን የምንጽፈው ስሙን ያገኘው በመወለድ፣ በጋብቻ ወይስ ራሱ መርጦ በመውሰድ መሆኑን ነው። ይህን ጥያቄ የዘለለ መዝገብ ቆይቶ ሐሰተኛ ወንድማማቾችንና የሌለ የዘር ሐረግ ይፈጥራል።

የመጀመሪያው ተግባር ስሙን ከማዕረጉ ማላቀቅ ነው። በቀደሙት የአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ «ሙሴ ላጋርድ»፣ «ሙሴ ኢልግ»፣ «ሙሴ ሸፍኔ» የሚሉ አጠራሮች እንደ ልብ ይገኛሉ። ይህ ሙሴ ከነቢዩ ሙሴ ጋር አይገናኝም፤ የፈረንሳይኛው «አቶ» ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ በሠራው የቤት ሥራ ላይ «ሙሴ የአባቱ ስም ላጋርድ» የሚል ዐረፍተ ነገር አይቻለሁ፤ ልጁ በሚያውቀው ሥርዓት ስላነበበው አልፈርድበትም። ሙሴ መባል ፈረንሳዊነትን እንደማያረጋግጥም ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1894 የባቡሩን ሥራ ፈቃድ ከዳግማዊ ምኒልክ የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግ የስዊዝ ተወላጅ ነበር፤ አብሮት የሠራው ሌዎን ሸፍኔ ግን ፈረንሳዊ ነው። ማዕረጉን ከስሙ ለይቶ በካርዱ ራስጌ ጥግ ላይ መጻፍ እንጂ መጣል አይገባም፤ የድሮ ሰነድ ፈልጎ የሚመጣ አንባቢ ሰውየውን የሚያውቀው በዚያው አጠራር ሊሆን ይችላልና።

ቀጥሎ ስሙ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ከሰውየው የራሱ ሰነድ ወይም ከታመነ መዝገበ ሰብ (የታዋቂ ሰዎች የሕይወት ታሪክ መዝገብ) መቅዳት ያስፈልጋል። የእኛ ፊደል የሚጽፈው የሚሰማውን ድምፅ ስለሆነ፣ ፈረንሳዮች በአጻጻፍ የሚለዩዋቸውን ስሞች አንድ ያደርግብናል። ላጋርድን ብቻ ብንወስድ፣ አንዱ ቃል ሆኖ የተጻፈ፣ «ደ» የሚል ቅድመ ቅጥያ የገባበት፣ በአሜሪካና በታሂቲ ደግሞ መካከሉ ላይ በትልቅ ፊደል የተጻፈ እናገኛለን፤ በአማርኛ ሁሉም ላጋርድ ናቸው። በአንጻሩ ላጋርዴር የሚባለው ሌላ ስም ነው። ከአውሮፕላንና ከመጽሔት ሥራ ጋር ስሙ የሚነሣው ዣን ሉክ ላጋርዴር በዚህ መዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም፤ መጨረሻው ላይ ያለችው ፊደል ወደ ሌላ ቤት ወስዳዋለች።

አሁን ወደ ካርዶቹ እንግባ። ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው የመጀመሪያው ካርድ የሌዎንስ ላጋርድ መሆኑ አያጠያይቅም፤ እኔም ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ በእርሱ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አንባቢ አይታዘበኝም። ሌዎንስ ላጋርድ እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1936 የኖረ፣ ስሙን በመወለድ ያገኘ ፈረንሳዊ ሹም ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የነበረችው የኦቦክ ገዥ ሆኖ ከመጣ በኋላ ጅቡቲን የቆረቆረ፣ አስተዳደሩንም ከኦቦክ ወደዚያ ያዛወረ እርሱ ነው። ከዓድዋ ድል ማግስት፣ በመጋቢት 1889 ዓ.ም.፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የተዋዋለውም ላጋርድ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም «የእንጦጦ ዱክ» የሚል ማዕረግ ሰጥተውታል። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው የሐዲድ ሥራ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር፤ ተራራው አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ በመሆኑ ግን ሐዲዱ ከግርጌው ቀረ። በዚያ በቆመበት ሜዳ ላይም «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማ፣ ማለትም የዛሬዋ ድሬዳዋ፣ ተቆረቆረች። እንግዲህ ለገሃር በላጋርድ ስም ባይጠራም፣ ላጋርድ ከዚህ ከተማ ታሪክ ውጭ የሆነ ሰው አይደለም። የተማሪው ግምት ወደ እውነቱ በሌላ በኩል የቀረበ ነበር ማለት እችላለሁ፤ እኔን ያሳፈረኝም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ካርድ ያለ ጥንቃቄ የተሠራ መዝገብ እንዴት እንደሚያሳስት የሚያሳይ ነው። ጳውል ደ ላጋርድ በስሙ ፈረንሳዊ ይመስላል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1827 በርሊን ውስጥ የተወለደ፣ በ1891 በጎቲንገን ያረፈ ጀርመናዊ ነው። በልደቱ የወጣለት የቤተሰብ ስም ቦቲኸር ሲሆን፣ ያሳደገችውን የእናቱን ወገን ዘመድ ስም በመውሰድ እ.ኤ.አ. በ1854 ደ ላጋርድ ሆነ። በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የሴም ቋንቋዎችን ያስተማረ፣ የብሉይ ኪዳንን የግሪክኛ ትርጉም በማጥናት የታወቀ ምሁር ነው፤ በፖለቲካ ጽሑፎቹ ደግሞ በአይሁድ ላይ ያሰራጨው ጥላቻ ስሙን አጠልሽቶታል። በካርዱ ላይ ሁለቱንም ጎን መጻፍ ተገቢ ነው ባይ ነኝ፤ መዝገብ የምስጋና ወረቀት ሊሆን አይገባውም። ስለ ሴማውያን ቋንቋዎች የሚያነብ ሰው «ላጋርድ እንዳለው» የሚል ሐረግ ቢያገኝ የጅቡቲውን ገዥ እንዳይጠራበት፣ በካርዱ ላይ «የቋንቋ ምሁር፣ ጀርመናዊ» የሚሉትን ቃላት ማስቀደም ይበቃል።

ሦስተኛዋ ዛሬ በዜና ዘወትር የምንሰማት ናት። ክሪስቲን ላጋርድ እ.ኤ.አ. በጥር 1956 ፓሪስ ውስጥ ስትወለድ የቤተሰብ ስሟ ላሉዌት ነበር። ላጋርድ የቀድሞ ባለቤቷ ስም ሲሆን፣ ከተፋቱም በኋላ በሙያዋ የታወቀችበት በመሆኑ ይዛው ቀርታለች። የፈረንሳይ የገንዘብ ሚኒስትር፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 የዓለም የገንዘብ ድርጅት ኃላፊ፣ ከኅዳር 2019 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ፕሬዚዳንት ሆናለች። እዚህ ላይ የእኛ ልማድ በተለይ ያደናቅፋል። በእኛ አገር ሴት ልጅ አግብታም የአባቷን ስም ይዛ ስለምትኖር፣ የአባቷ ስም ላጋርድ ነው ብሎ መጻፍ፣ ከዚያም አልፎ የሙሴ ላጋርድ የልጅ ልጅ ናት ወደሚል ወሬ መሸጋገር ቀላል ነው። በካርዷ ላይ «ስሙን ያገኘችው በጋብቻ፤ በልደት ላሉዌት» ተብሎ ከተጻፈ ወሬው ከመነሻው ይቀጫል።

የቀሩትን ባጭሩ መመዝገብ ይቻላል። አንድሬ ላጋርድ፣ እ.ኤ.አ. 1912–2001፣ ከሎራን ሚሻር ጋር ባዘጋጃቸው የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ መማሪያ መጻሕፍት የሚታወቅ መምህር ነው፤ በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ያለፉ ሰዎች ስሙን ሲሰሙ ፈገግ የሚሉት ወይም የሚያማርሩት በእርሱ ነው። ዣን ክሪስቶፍ ላጋርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተወለደ፣ የድራንሲ ከተማ ከንቲባ የነበረ ፖለቲከኛ ነው። ጆስሊን ላጋርድ፣ እ.ኤ.አ. 1924–1979፣ የታሂቲ ተወላጅ ስትሆን፣ በሕይወቷ በአንድ ፊልም ብቻ ተውና በዚያው በ1966 ፊልም ለኦስካር ሽልማት ታጭታለች። ቶም ላጋርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለደ አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና በቀረችበት በ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ወስዷል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ፈረንሳይ ውስጥ የተወለዱ አይደሉም። የፈረንሳይ ስም መያዝና ፈረንሳዊ መሆን የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ በካርዱ ላይ ለስሙ ምንጭና ለዜግነት የተለያየ መስመር መተው ይገባል።

ዘመን መቀየር ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። የውጭ መጻሕፍት የሚሰጡንን ዓመት ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልስ ሁልጊዜ ስምንት መቀነስ አይሠራም፤ ድርጊቱ የተፈጸመው ከመስከረም አዲስ ዓመታችን በኋላ፣ የፈረንጆች ዓመት ሳይለወጥ ከሆነ የሚቀነሰው ሰባት ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በፈረንጆች ታኅሣሥ 1902 በመሆኑ፣ የእኛው ዓመት 1895 እንጂ 1894 አይሆንም። የላጋርድና የምኒልክ ውል ግን በፈረንጆች መጋቢት 1897 የተፈረመ ስለሆነ ስምንት ይቀነስለታል፤ 1889 ይሆናል። ወሩ ያልታወቀን ዓመት ከመቀየር ይልቅ እንዳለ ጽፎ «እ.ኤ.አ.» ብሎ ማስቀደም ይሻላል። በአንድ ካርድ ላይ ሁለቱን አቆጣጠሮች ያለ ምልክት ማደባለቅ ሟቹን ከመወለዱ በፊት እስከ መቅበር ያደርሳል።

ካርዶቹ ከተሞሉ በኋላ አሰላለፉን መወሰን ይቀራል። በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ መደርደር ለስልክ ማውጫ ይመቻል፤ ለዚህ ሥራ ግን በልደት ዓመት መደርደሩን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ሰነድ የተጻፈበት ዘመን ከታወቀ የማይመለከቱትን ላጋርዶች በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ማድረግ ይቻላል። በ1890ዎቹ ዓ.ም. የተጻፈ የባቡር ደብዳቤ በእጁ የገባ ሰው፣ ከዚያ በፊት ያረፈውን የጎቲንገን ምሁርም ሆነ ገና ያልተወለዱትን ሳያይ ወደ ሌዎንስ ይሄዳል።

በላጋርድ የሠለጠነ ሰው ወደ ሐረር ወጥቶ ይበልጥ በሚያስቸግር ስም ይፈተን። በጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» የሚባለው ያማረ የእንጨት ቤት፣ ከታኅሣሥ 1880 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐረር የንግድ ሠራተኛ ሆኖ በኖረው በባለቅኔው በአርቱር ራምቦ ስም ይጠራል፤ ቤቱን ያሠራው ግን ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1891 ማርሴይ ላይ ከሞተ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። በዚሁ ዘመን አልፍሬድ ራምቦ የሚባል የታሪክ ምሁር ነበረ፤ ላጋርድ ከምኒልክ ጋር ሲዋዋል እርሱ ፓሪስ ውስጥ የትምህርት ሚኒስትር ነበር። የሁለቱ ስም በፈረንሳይኛ በአንድ ፊደል ይለያል፤ በአማርኛ ግን ይገጥማል። የፊልሙ ጦረኛ ራምቦ በዚህ ላይ ሲጨመርበት ከቤቱ በር ላይ የሚነሣውን ጥያቄ አስጎብኚዎች ያውቁታል። እንዲህ ያለውን ስም «በድምፅ የሚመሳሰሉ» በሚል የተለየ ካርድ ላይ ጽፎ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የላቲኑን አጻጻፍ ማስፈር ብቸኛው መፍትሔ ነው። የራምቦን አሠሪዎች ስም፣ ባርዴ የሚለውን፣ የሚመዘግብም አልፍሬድና ፒየር የተባሉ ወንድማማቾችን ስለሚያገኝ፣ «ሙሴ ባርዴ» የሚል ደብዳቤ ሲገጥመው የትኛው እንደሆነ ሳያጣራ በአንዱ ካርድ ላይ እንዳያስገባው ይጠንቀቅ።

በመጨረሻ፣ በቤተሰብ ስማቸው ፈጽሞ የማይታወቁ አሉ። በልጅ ተፈሪ መኮንን አስተዳደግ ስማቸው የሚነሣው የሐረሩ ካቶሊካዊ ጳጳስ አንድሬ ዣሮሶ፣ እ.ኤ.አ. 1858–1941፣ በአገራችን ሰው ዘንድ «አባ እንድርያስ» ናቸው። ዣሮሶ በሚለው ብቻ የተመዘገቡ እንደሆነ የሐረር ሽማግሌ አያገኛቸውም፤ አባ እንድርያስ በሚለው ብቻ ከሆነ ደግሞ የፈረንሳይ ሰነድ የሚያገላብጠው ሰው አያገኛቸውም። ስለዚህ ሁለት ካርድ ይቆረጥላቸዋል፤ ታሪካቸው በአንዱ ላይ ይጻፋል፣ በሌላው ላይ ግን «አባ እንድርያስ የሚለውን ተመልከት» ከሚል ቃል በቀር ምንም አይሰፍርበትም።