ከሐዋሳ ወደ እንግሊዝ ለመጣችሁ፦ የክብደት መቀነሻ መርፌና ቅጹ ላይ የሚጠየቀው ዘር

ከሐዋሳ ወደ እንግሊዝ የመጣ ሰው ክሊኒክ ሲመዘገብ ቅጹ ዘሩን ይጠይቀዋል። ሲዳማ ወይም ወላይታ ብሎ የሚጽፍበት ቦታ ሲፈልግ የሚያገኘው «ጥቁር አፍሪካዊ» የሚል ሳጥን ነው። ብዙዎቻችን ጥያቄውን በጥርጣሬ አይተን እናልፈዋለን፤ ስለ ውፍረት ሕክምና ከሆነ ግን መሙላቱ ይጠቅማል።

ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ የጥቁር አፍሪካ፣ የካሪቢያን፣ የእስያና የመካከለኛው ምሥራቅ ተወላጆች በአነስተኛ ክብደትም ለስኳር በሽታ ስለሚጋለጡ፣ ውፍረት የሚባልበት የልኬት ወሰን ለእነርሱ ከ30 በ2.5 ያህል ዝቅ እንዲል ይመክራል። ልኬቱ (ቢኤምአይ) ኪሎን በሜትር ለተለካ ቁመት ስኩዌር በማካፈል ይገኛል። ቁመቷ 1.65 ሜትር፣ ክብደቷ 75 ኪሎ የሆነች ሴት ልኬቷ 27.5 ነው፤ ይህ ለእኛዋ ሴት ውፍረት ሲባል፣ ነጯ እዚያ ለመመደብ 82 ኪሎ ገደማ መድረስ ይኖርባታል። በአሜሪካ ግን ዌጎቪ ለተባለው የክብደት መቀነሻ መርፌ በ2021 የተሰጠው ፈቃድ ዘር አይለይም ነበር፤ 30 ልኬት ወይም፣ ተጓዳኝ ሕመም ካለ፣ 27 ይጠይቅ ነበር።

ዌጎቪ በሚል ስም የሚሸጠው ሴማግሉታይድ፣ አንጀት ከምግብ በኋላ የሚያመነጨውን ሆርሞን በመምሰል ረኃብን ያስታግሳል፣ የጨጓራን መራገፍም ያዘገያል። በ2021 በታተመው ዋና ጥናት 1,961 ሰዎች የተሳተፉ ሲሆን፣ መርፌውን የወሰዱት በ68 ሳምንት በአማካይ 14.9 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ መርፌ የወሰዱት ደግሞ 2.4 በመቶ ቀንሰዋል። ከተሳታፊዎቹ ሦስት አራተኛው ነጮች፣ ጥቁሮቹ 6 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ውጤቱ 13.2 በመቶ ሆኗል። «ለሐበሻ አይሠራም» የሚለው የቡና ወሬ እንግዲህ መሠረት የለውም፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚኖረው መጠንም በዘር ምክንያት ይህን ያህል አይለያይም። ቅር የሚያሰኘው፣ ከእኛ የተቆጠሩት ማነሳቸው ነው።

የቤት ልማዳችን ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መርፌው በሳምንት አንዴ፣ ከ0.25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በየአራት ሳምንቱ ከፍ እያለ ይሰጣል፤ መጠኑ በጨመረ ሰሞን ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው። በዚያ ሰሞን በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ ወይም ከአሞራ ገደል የለመድነው ዓይነት የተጠበሰ ዓሣ ሆድ ይረብሻል፤ አስተናጋጇ «በሞቴ» ብትልም ጉርሻውን በትህትና መመለስ ይሻላል። በዐቢይ ጾም ሽሮና ምስር አይጉደልባችሁ፤ ክብደት ሲወርድ ጡንቻም አብሮ ስለሚቀንስ ፕሮቲን ያስፈልጋል። ኢንሱሊን የምትወስዱ ግን ሐኪም ሳታማክሩ አትጹሙ። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት ሴማግሉታይድን ቢያንስ 2 ወር አስቀድማ ታቆማለች።

በመጨረሻ፣ ከሐዋሳ «አንድ ብዕር ላኪልኝ» (መድኃኒቱ የሚወጋበትን ብዕር መሰል መርፌ ማለት ነው) የሚል ስልክ መምጣቱ አይቀርም። ሐኪም ሳያየው ለሌላ ሰው አትላኩ፤ ከዘመዶቻችሁ መካከል ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር የታየበት ካለ ለራሳችሁም ሐኪሙ ይወቅ። የራሳችሁን ይዛችሁ ለዕረፍት ስትሄዱ ደግሞ ብዕሩ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ አንዴ በረዶ ከሠራ ግን ቢቀልጥም አይወጋም፣ ይጣላል።