ክረምቱን ከእንቁጣጣሽ ወደ ኋላ ቁጠሩት

ትምህርት ቤት ሰኔ መጨረሻ አካባቢ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ቤቱ የልጆች ነው። ወላጅ መጀመሪያ «የት ልውሰዳቸው?» ብሎ ይጨነቃል፤ ቀጥሎ ኪሱን ይዳብሳል፣ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፣ በመጨረሻ ቴሌቪዥኑን ከፍቶላቸው ይገላገላል። እኔም የትንንሽ ሴት ልጆች አባት ነኝና ነገሩን አውቀዋለሁ። የምመክረው ቦታ መፈለጉን ትታችሁ ቀን እንድትቆጥሩ ነው። የእኛ ክረምት የራሱ ፕሮግራም አለው። የበቆሎ እሸቱ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ቡሄ አለ፣ የጳጉሜ ዝናብ አለ፣ መጨረሻ ላይ እንቁጣጣሽ አለች። እሷ ደግሞ የሴት ልጆች በዓል ናት። ስለዚህ ከመስከረም 1 ወደ ኋላ ቁጠሩና ክረምቱን በሙሉ የእሷ ዝግጅት አድርጉት። ትንሽ ልጅ አንድ ቀን ደርሳ ከመጣችበት መዝናኛ ይልቅ ስትጠብቀው የከረመችው ነገር ነው የሚቀርላት።

ካላንደሩን ራሳችሁ ሥሩት። አንድ ትልቅ ወረቀትና ከለር ይበቃል። ለሐምሌ 30 ሳጥን፣ ለነሐሴ 30 ሳጥን፣ ለጳጉሜ 5። ጳጉሜ በ4 ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች፤ በ2015 ሆናለች፣ ቀጣዩ 2019 ላይ ነው። ይህን ለአምስት ዓመት ልጅ ከነገራችኋት «ያቺ ቀን በሌላው ጊዜ የት ትሄዳለች?» ማለቷ አይቀርምና መልስ አዘጋጁ። ነሐሴ 13 ላይ ሙልሙል ትሳል፣ ጳጉሜ 3 ላይ ዝናብ፣ መስከረም 1 ላይ አደይ አበባ። ወረቀቱን በሩ ላይ በእሷ ቁመት ልክ ለጥፉትና ማታ ማታ ያለፈውን ቀን እሷው ትሰርዝ።

የክረምት ትምህርት ልታስመዘግቧቸው እንደሆነ ይገባኛል። አስመዝግቡ፣ ግን ከሰዓቱን አትንኩት። ዓመቱን ሙሉ ደብተር ላይ የዋለች የሰባት ዓመት ልጅ ክረምቱንም እንደዚያው ከዋለች፣ ምን አስታወስሽ ብትሏት የምትነግራችሁ የክፍል ሥራ ነው። ደግሞም አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከሰዓት ነው። መውጣት ካማራችሁ ቅዳሜ ጠዋት ውጡ፤ ከሰዓቱ የቤት ይሁን።

ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል? ብዙ ነገር። አምስት ለስላሳ ጠጠር ሰብስቡና ቅልብልቦሽ አስተምሯቸው። ወንዱም ሴቱም ይችላል፣ እኔ ዛሬም እሸነፋለሁ። ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ አሮጌ ስኒና የተሰበረ ጀበና አትከልክሏቸው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሻማ አብሩና እንቆቅልሽ ጀምሩ። የእንቆቅልሽ ጥቅሙ አሸናፊዋ አገር መቀበሏ ነው። ልጅቷ «እንቆቅልሽ!» ትላለች፣ እናንተ «ምን አውቅልሽ!» ትላላችሁ። «ሆዱ ሁልጊዜ የሚበርደው፣ አፉን ሲከፍቱት መብራት የሚበራለት?» መልሱ ፍሪጅ ነው፤ ከራሷ የፈጠረችው ስለሆነ ወዲያው አታግኙባት። «አገር ስጠኝ» ስትል ጅማን ስጧት። በሚቀጥለው ሐረርን፣ ከዚያ ባህር ዳርን። የኢትዮጵያን ካርታ ከጎን አስቀምጡና የተቀበለችውን ከተማ በከለር ታክብበው። ነሐሴ ሲያልቅ ግማሽ አገር ይዛለች። ጂኦግራፊ እንዲህ በቀላሉ ሲገባ ሌላ ቦታ አላየሁም።

በቆሎ እሸት ገበያ ላይ ሲወጣ የተጠበሰ ብቻ ገዝታችሁ አትለፉ። ከነልጣጩ ግዙ። ለምን ብትሉ አሻንጉሊት ይወጣዋል። ውጪ ያለውን ሻካራ ቅጠል ላጡና ከውስጥ ያለውን ስሱን አረንጓዴ ተዉት፤ እሱ ቀሚስ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ጸጉር ሳይደርቅ ለስላሳና እርጥብ ነው፣ ወርቃማ ወይም ቀላ ያለ ይሆናል። ልጅቷ በጣቷ ለሦስት ትክፈለውና ትጎንጉነው። በሰው ጸጉር ላይ ከመሞከሯ በፊት ሹሩባ መሥራት የምትማረው እዚህ ላይ ነው፤ ቢነቀል የሚጮህ የለም። ወገቡን በክር አስሩላት፣ ስም ታውጣላት። ችግሩ የሚመጣው ማታ ነው፦ ያቺ ስም የወጣላት በቆሎ አትጠበስም። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ግዙ።

ለቅዳሜ ጠዋት ሁለት ቦታ ልጠቁም። አንዱ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ብዙ ወላጅ ለትንንሽ ልጆች ይከብዳል ብሎ ይተወዋል፣ ነገር ግን ታሪኩን ከልጅ ዕድሜ ጋር ካያያዛችሁት አይከብድም። ሉሲን፣ ድንቅነሽን፣ አሳዩአቸው፤ በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ናት። ከዚያ «ሰላም» ስለተባለችው ሕፃን ንገሯቸው። ሰላም በ1993 ዓ.ም. እዚያው አፋር፣ ዲኪካ ላይ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ ስትሞት ግን የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበረች፣ ሴት ልጅ። የእኔዋ ታናሽ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው «እናቷስ?» ብላ ነው። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ መጨመር አያስፈልግም፣ ወደ ቤት እስክትደርሱ ጥያቄውን እሷ ትቀጥለዋለች። ሌላው እንጦጦ ነው። ጠዋት ጉም ይኖራል፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ዝናብ ሲነካው ይለያል። ቡትስ አልብሷቸው፣ ቅያሪ ካልሲ ያዙ፣ የባሕር ዛፍ ፍሬ ለቅመው ኪሳቸውን ይሙሉ። ክረምት ላይ ወንዝ ዳር ግን አታጫውቷቸው። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ ላይኛው አገር ዘንቦ ከሆነ ጎርፉ ድንገት ነው የሚመጣው።

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ብዙ ልጆች ጾም የሚጀምሩት በእሱ ነው፣ የሚጾም ቤት ውስጥ ያለች ትንሽ ልጅ «እኔም» ማለቷ አይቀርም። እስከ ስንት ሰዓት እንደምትችል ከእሷ ጋር ተስማሙና ያን ሰዓት አክብሩላት።

ቡሄ በዚያው ጾም ውስጥ ስለሚውል ሙልሙሉ ወተትም ቅቤም የለውም። ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ትንሽ ዘይት፤ ጥቁር አዝሙድ ከወደዳችሁ ጣል አድርጉበት። ብርድ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ አይነሳም፣ ስለዚህ ምድጃው አጠገብ በፎጣ ሸፍናችሁ አስቀምጡት። ለልጅቷ የእጇን ያህል ሊጥ ቆርሳችሁ ስጧትና በሁለት መዳፏ መሃል እያሸች ታርዝመው። አንዱ ጫፍ ይወፍራል፣ ሌላው ይቀጥናል፣ ከእጇም ትንሽ ጠቆር ይላል። አታስተካክሉት። ምጣዱ ላይ ከሌሎቹ ለየት አድርጋችሁ ጋግሩላት፣ የጨፋሪ ልጆች ሲመጡ ያንኑ እሷው በገዛ እጇ ትስጥ። ሆያ ሆዬ የወንዶች ነው የሚል ይኖራል። እኛ ሰፈር ሴቶቹም ይከተላሉ፣ ጅራፍ ማጮህ የምትፈልግ ካለችም ሜዳ ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ ትሞክር። መጀመሪያ ራሷን ነው የምትገርፈው፣ ረጅም እጅጌ አልብሷት።

ወገናችሁ ከዋግ፣ ከላስታ፣ ከራያ ወይም ከትግራይ ከሆነና የዓመት ፈቃዳችሁን የምትወስዱበትን ሳምንት መምረጥ ከቻላችሁ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ያለውን ምረጡ። ሰቆጣ ላይ ሻደይ፣ ላሊበላ ላይ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል፣ ትግራይ ላይ አሸንዳ ይባላል። ሴት ልጆች ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው የሚጫወቱበት በዓል ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ቀድማችሁ ዘመድ ጠይቁ። ከሄዳችሁ ልጆቹን ለአክስቶቻቸው አስረክቡና እናንተ ዞር በሉ። ከአባት ፊት ያላፈረች ልጅ የለችም።

ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። ያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ተብሎ ልጆች ይወጡበታል። አውጧቸው። ፎጣውን በሩ ላይ፣ ሙቅ ውሃውን ምድጃው ላይ አዘጋጁና አስር ደቂቃ ይዝለሉ። መብረቅ ካለ ይቅር። ጉንፋን ይይዛቸዋል የምትል ሴት አያት በእያንዳንዱ ቤት አለች፤ እሷን ማሳመኛው ትዝታ መጠየቅ ነው። «እማማ፣ እናንተስ በልጅነታችሁ እንዴት ነበር?» በሏት፣ ቀጥሎ እሷ ራሷ ናት የምታወጣቸው።

እስከዚህ ድረስ ያደረጋችሁትን ሁሉ የምትመዘግቡበት አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ፎቶ ስልክ ላይ ይከማቻል፣ ስልኩ ይጠፋል ወይ ይሞላል፣ ማንም ዞሮ አያየውም። ደብተሩ ላይ እሁድ እሁድ ልጅቷ ትናገር፣ እናንተ ጻፉ፣ ቃሏን ሳታርሙ። «ዝንቡ ዘነበ» ካለች «ዝንቡ ዘነበ» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ ትሳል። ከፎቶዎቹ ጥቂቱን ብቻ አሳጥባችሁ ለጥፉ። ሌላው የማልተወው ነገር ድምፅ ነው፦ በየዓመቱ ያንኑ አበባየሆሽ ስትለማመድ በስልክ ቅዷት። ድምፅ ከቁመት ፈጥኖ ነው የሚለወጠው፤ ባለፈው ዓመት ጥርሷ ወልቆ የዘፈነችውን ዘንድሮ ስታሰሟት የምትስቀውን ሳቅ ራሱን ቅዱት።

እናታቸው ዓረብ አገር ሆና አያታቸው ጋ ያሉ ልጆች ካላችሁ እንቆቅልሹን በቮይስ አድርጉት። ማታ ልጅቷ ጥያቄውን ትላክ፣ እናቷ ከሥራ ስትወጣ ትመልስ፣ ካልቻለች አገር ትስጥ። «ምን በላሽ፣ እንዴት ነሽ» ተብሎ ከሚያልቅ ወሬ ይሻላል። ከአሜሪካ ለክረምት የመጡ ደግሞ እዚያ ትምህርት የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ ከእንቁጣጣሽ በፊት ስለሆነ በዓሉ ያመልጣቸዋል። ለእነሱ ከመሄዳቸው በፊት ሰፈሩን አስተባብራችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ አስጨፍሩ። አደይ አበባው አልደረሰም፣ ግድ የለም፣ በወረቀት ይሠራል።

አሁን ዋናው። የጨፋሪዎቹን ቡድን ነሐሴ አጋማሽ ላይ አሰባስቡ፤ ከጎረቤት እናቶች ጋር ተነጋገሩ። አንዷ አውጪ ትሁን፣ የቀሩት «ለምለም» እያሉ ይቀበሉ። አውጪነቱን በተራ አድርጉት፣ ያለዚያ ጠብ ነው። ከበሮ ከሌለ ቢጫው ጀሪካን ከከበሮ አያንስም። ግጥሙን ከኢንተርኔት ከማውረድ ከአያት ተማሩት፣ በየአገሩ ይለያያልና ቤተሰባችሁ የሚለው የትኛው እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። የአበባ ሥዕሉን ፎቶ ኮፒ አትግዙ። በዝናቡ ከሰዓት በቀን አንድ እየሣሉ ቢያስቀምጡ ጳጉሜ ላይ ለጎረቤቱ ሁሉ ይደርሳል።

ሹሩባ ቤት በበዓሉ ዋዜማ አይቀመስም፣ ስለዚህ ጳጉሜ እንደገባ እቤት ሥሩ። በርጩማ ላይ አስቀምጧት፣ ጸጉሯን ቅባት አስነክታችሁ አለስልሱ፣ ከማጅራት ጀምሩ። ጆሮዋ አጠገብ ስትደርሱ ማልቀስ ትጀምራለች። እኔ መጎንጎን ስለማልችል የእኔ ሥራ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ «ተረት ተረት» ማለት ነው፤ እያለቀሰችም ቢሆን «የላም በረት» ማለቷን አትተውም።

አደይ አበባና እንግጫ ከመንገድ ላይ መግዛት ይቻላል። ከከተማ ወጣ ያለ ዘመድ ካላችሁ ግን ጳጉሜ መጨረሻ ሄደው በእጃቸው ይልቀሙት። በማግስቱ ጠዋት ሐበሻ ቀሚሱን አልብሷቸውና ልቀቋቸው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከላይኛው ፎቅ ጀምረው ይውረዱ፣ ደረጃው አይከብዳቸውም። የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም በር ያንኳኩ፣ የማይከፍት አላየሁም። አንድ ትልቅ ሰው በሩቁ ይከተላቸው፣ ገንዘቡን ግን አይንካ። ገንዘብ ያዥ ከመካከላቸው ይምረጡ። ሲጨርሱ ምንጣፍ ላይ አፍስሰው እነሱው ይቁጠሩ፣ እነሱው ይካፈሉ፤ ትንሿም ትልቋም እኩል ነው የምታገኘው። ተካፍለው የተረፈው ሳንቲም ለሁለት ካልተቆረጠ ማስቲካ ይገዛበት።