ኮሞዶር 64 ላይ ፋይል አልወርድ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በኮሞዶር 64 (የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር) ላይ የጻፋችሁት የተርሚናል ፕሮግራም፣ ማለትም በሞደም ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው፣ ጽሑፍ ያሳያል፣ ሞደሙ ይደውላል፣ መስመሩም ይያዛል። ፋይል ማውረጃ ልጨምርበት ብላችሁ ኤክስሞደም (ፋይልን በብሎክ በብሎክ የሚያስተላልፍ ደንብ) ስትጽፉ ግን ነገር ይበላሻል። ፍጥነቱንና ገመዱን አይታችኋል ብዬ ልለፍ። የኤክስሞደም አንድ ብሎክ እንዲህ ነው፦ መነሻ ምልክት፣ የብሎክ ቁጥር፣ የቁጥሩ ተገላቢጦሽ፣ 128 ባይት ዳታ፣ መጨረሻ ላይ ድምር፣ ማለትም ብሎኩ መበላሸቱ የሚታወቅበት የዳታው ባይቶች ድምር። በጠቅላላው 132 ባይት። ብሎኩ ደህና ከሆነ ተቀባዩ 6 ይልካል፣ ማለትም አክ። ከተበላሸ 21 ይልካል፣ ናክ።

ይልካል፣ አይቀበልም

ወደ ዩዘር ፖርቱ (ሞደም የሚሰካበት የማሽኑ ማገናኛ) የሚገባው የዳታ ሽቦ ፒን ቢ እና ፒን ሲ ላይ አንድ ላይ መታሰር አለበት። ፒን ቢ ኮምፒውተሩን ይቀሰቅሰዋል፣ ቢቱ የሚነበበው ከፒን ሲ ነው። አንዱን ብቻ ያሰረ ሰው እስኪመሽ ቢጠብቅ አንዲት ፊደል አያይም።

እዚሁ ላይ ሳለን፣ የአርኤስ-232 መስመር (ቮልቴጁ ከፖርቱ ከፍ የሚል የተለመደ የሞደም መስመር) በቀጥታ እንዳታገናኙ። ፖርቱ የሚችለው 5 ቮልት ነው፣ ፖርቱን የሚያንቀሳቅሰው 6526 ቺፕ ይቃጠላል። መሃል ላይ ማክስ232 (ቮልቴጁን የሚቀይር ቺፕ) ይግባ። እሱንም ስትገዙ ዋጋው በጣም ከረከሰ ተጠራጠሩ፤ አስመሳዩ ቺፕ ገና ኃይል ሲያገኝ ጣት ያቃጥላል። ሌላው የሚያናድደኝ አቅጣጫ መለያ የሌለው ርካሽ ማገናኛ ነው። ተገልብጦ ወይም አንድ ፒን ተንሸራቶ ይገባል። ፒን 10 እና 11 ላይ ደግሞ 9 ቮልት ኤሲ አለ! ለትንሽ ብር ብላችሁ ማሽኑን አትግደሉት።

የዲስኩ መብራት በበራ ቁጥር ብሎክ ይበላሻል

ወደኔ የሚመጣው ኮድ አብዛኛው የታመመው በዚህ ነው። ምልክቱ አይሳሳትም። አንድ ሁለት ብሎክ ደህና ይገባል። የ1541 (የኮሞዶር ዲስክ ድራይቭ) መብራት ይበራል፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ቀጣዩ ብሎክ ተበላሽቶ ይመጣል። ናክ ይላካል፣ ብሎኩ ይደገማል፣ ይስተካከላል። ከዚያ ትንሽ ሄዶ እንደገና። ትንሽ ፋይል ከሆነ እየተንፏቀቀ ይጨርሳል፣ ትልቅ ከሆነ ላኪው ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚወቅሰው መስመሩን ነው። መስመሩ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ በፈለገው ሰዓት ይመጣ ነበር። ይሄኛው ምት ጠብቆ ነው የሚመጣው። 1541 አንድ ሴክተር ላይ 254 ባይት ዳታ ያስቀምጣል። ሁለት የኤክስሞደም ብሎክ 256 ባይት ነው። ስለዚህ በየሁለት ብሎኩ ገደማ ድራይቩ ሴክተር ሞልቶበት ለመጻፍ ይነሳል። ስህተቱ በየሁለት ብሎኩ ከሆነ ገመዱን ተዉት፣ ኮዳችሁን ክፈቱ።

መንስኤው እንዲህ ነው። ኮሞዶር 64 ለሞደም የተለየ ቺፕ የለውም። እያንዳንዷን ቢት የሚለቅመው ከርናሉ (በማሽኑ ውስጥ አብሮ የተሠራው ሲስተም ፕሮግራም) ራሱ ነው፣ በሶፍትዌር። ከዲስኩ ጋር ሲነጋገርም ሰዓት አጠባበቁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ስለማይችል ዲስኩን ስታናግሩት ከርናሉ የሞደሙን መቀበያ ይዘጋዋል። በዚያ መሃል የመጣ ባይት ባፈር (የመጡ ባይቶች የሚጠብቁበት የሜሞሪ ቦታ) ውስጥ አይገባም። መምጣቱንም ማንም አያውቅም።

ታዲያ ላኪውን በዚያ ሰዓት ላክ ያለው ማነው? እናንተ። ኮዱ ድምሩን ያያል፣ ልክ ነው ይላል፣ አክ ይልካል፣ ከዚያ ብሎኩን ዲስክ ላይ ይጽፋል። ላኪው አክ እንደደረሰው ቀጣዩን ብሎክ ይለቃል፣ እናንተ ደግሞ ገና ዲስክ ላይ ናችሁ።

መፍትሄው ቅደም ተከተሉን ማዞር ነው። 132ቱን ባይት አንብቡ፣ ድምሩን አረጋግጡ፣ ዲስክ ላይ ጻፉ፣ በመጨረሻ አክ ላኩ። የኤክስሞደም ላኪ መልስ እስኪያገኝ ዝም ይላል። ለዲስክ ያላችሁ ጊዜ ያ ዝምታ ብቻ ነው።

ይህን ሳይነኩ ዙሪያውን የሚዞሩ አሉ። አንዱ ከአክ በኋላ ባዶ ሉፕ ጨምሮ ነበር፣ «ዲስኩ እንዲያርፍ»። የባሰ ነው ያደረገው። ሌላው ትልቅ ባፈር ሠርቶ መጣ። ባይቱ ባፈሩ በር ላይ እንኳ አልደረሰም፣ ባፈሩ ቢሰፋ ምን ይጠቅማል? ሌላዋ ልጅ ቅደም ተከተሉን በትክክል ጽፋ የመጀመሪያው ብሎክ ብቻ ሁልጊዜ ይበላሽባት ነበር። ኮዷ የመጀመሪያውን ናክ፣ ማለትም ላኪውን ጀምር የሚለውን፣ ልኮ ነው ፋይሉን ዲስክ ላይ የሚከፍተው። ፋይሉ ይከፈት፣ ከዚያ ናክ ይላክ። ቻናል 15 ላይ የዲስክ ስህተት የምታነቡ ከሆነም ከአክ በፊት አንብቡ።

ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ብሎክ ሁለቴ ከመጣ ደግሞ አክ ጠፍቶ ነው። አትጻፉት፣ አክ ብቻ መልሱ። ይህን የረሳ ሰው ፋይሉ መሃል ላይ 128 ባይት ተደግሞ ያገኘዋል።

«ዜድሞደም ላድርገው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በዩዘር ፖርትና በ1541? እርሱት። ዜድሞደም ሌላ የፋይል ማስተላለፊያ ደንብ ነው፣ መልስ ሳይጠብቅ ነው የሚያፈሰው። ባለ1024 ባይት ብሎክም በቤዚክ (ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚመጣው የፕሮግራም ቋንቋ) አይሆንም፣ የከርናሉ መቀበያ ባፈር 256 ባይት ነው። 132 ባይት ግን ሙሉውን ይገባል። ቀርፋፋው ቤዚክ ከኤክስሞደም ጋር የሚዘልቀው ለዚህ ነው።

«ተሳክቷል» ይላል፣ ፕሮግራሙ ግን አይነሳም

የአስኪና የፔትስኪ (የተለመደው የፊደል ኮድና የኮሞዶር የራሱ የፊደል ኮድ) መቀየሪያው አልጠፋም። ለጽሑፍ ያስፈልጋል፣ ለፋይል መርዝ ነው። ከድምሩ በፊት ከቀየረ እንኳን ደህና፣ ናክ በናክ ሆኖ ያጋልጠዋል። ከድምሩ በኋላ ከቀየረ ግን ሁሉም ብሎክ ያልፍና የተበላሸ ፋይል ይቀመጣል። በፋይሉ ውስጥ ትልልቁና ትንንሹ ፊደል ቦታ ተለዋውጦ ካያችሁ እሱ ነው። ፋይል ሲተላለፍ መቀየሪያው ፈጽሞ አይነካ።

ቤዚክ መሃል ላይ በስህተት ይቆማል

ጌት (የቤዚክ ማንበቢያ ትዕዛዝ) ዋጋው ዜሮ የሆነ ባይት ሲያነብ ባዶ ስትሪንግ (ምንም ፊደል የሌለው ጽሑፍ) ይመልሳል። ባፈሩ ባዶ ሲሆንም ያንኑ ይመልሳል። ከማንበባችሁ በፊት የባፈሩን መጨረሻና መጀመሪያ የሚጠቁሙትን የሜሞሪ አድራሻዎች 667ን እና 668ን በፒክ (የሜሞሪ ማንበቢያ ትዕዛዝ) አወዳድሩ፤ እኩል ከሆኑ ምንም አልመጣም፣ ካልሆኑ የመጣው እውነተኛ ባይት ነው። ባዶ ስትሪንግ ወደ ቁጥር ሲቀየር ቤዚክ በስህተት ስለሚቆም፣ ከመቀየራችሁ በፊት ስትሪንጉ ላይ ኮዱ 0 የሆነውን ካራክተር፣ CHR$(0)፣ ቀጥሉበት።

ቀሪዎቹ

32 ኪሎባይት አካባቢ ሁልጊዜ ይቆማል፦ የብሎክ ቁጥር ከ255 ቀጥሎ 0 ነው፣ 256 አይደለም።

ዋጋቸው 13 የሆነ ተጨማሪ ባይቶች ይገባሉ፦ በፕሪንት (የቤዚክ መጻፊያ ትዕዛዝ) መጨረሻ ላይ ሴሚኮለን ረስታችኋል።

ቫሪያብሎች ድንገት ይጠፋሉ፦ የሞደሙን ቻናል መክፈት ሁሉንም ያጸዳል። የፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ክፈቱት።

መጨረሻ ላይ ዋጋቸው 26 የሆነ ባይቶች ክምር አለ፦ ኤክስሞደም የመጨረሻውን ብሎክ የሚሞላበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም።

ማውጫው ላይ ፋይሉ ኮከብ አለው፦ አልተዘጋም። በስክራች (የፋይል ማጥፊያ ትዕዛዝ) እንዳታጠፉት፣ ሌላ ፋይል ይዞ ሊሄድ ይችላል። በቫሊዴት (ዲስኩን አጣርቶ የሚያስተካክል ትዕዛዝ) አጽዱት። የጂኦስ (ለኮሞዶር የተሠራ ባለ ምስል ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ፋይል ያለበት ዲስክ ላይ ግን ቫሊዴት አትሞክሩ።

በዋይፋይ ሞደም አንዳንድ ብሎክ ብቻ እምቢ ይላል፦ ብሎኩ ውስጥ ዋጋው 255 የሆነ ባይት አለ ማለት ነው። ቴልኔት (በኢንተርኔት ከሰርቨር ጋር የሚያገናኝ ደንብ) 255ን ሁለቴ ደጋግሞ ይልካል፣ ሞደሙ ወደ አንድ ካልመለሰው ብሎኩ ይረዝማል። ሰርቨሩ ቴልኔት ከሆነ የሞደሙን የቴልኔት ሞድ አብሩት፣ ካልሆነ አጥፉት።