በከርቤሮስ ላይ የቶከን መግቢያን እንዴት መጨመር ይቻላል

ከርቤሮስ በአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ በኤምአይቲ የተሠራ፣ በመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ውስጥ የተጠቃሚዎችን ማንነት የሚያረጋግጥ ሥርዓት ነው። በተለመደው አሠራሩ የይለፍ ቃሉ በኔትወርኩ ላይ አይጓዝም፤ የተጠቃሚው ኮምፒውተር ከይለፍ ቃሉ ቁልፍ አውጥቶ በዚያ ቁልፍ ሰዓቱን ያመሰጥርና ይልካል፤ ቲኬት ሰጪው ሰርቨርም ያንኑ ቁልፍ ስለያዘ ፈትቶ ያረጋግጣል፤ ከዚያም ቲኬት፣ ማለትም ተጠቃሚው ማንነቱ መረጋገጡን የሚያሳይበትን ዲጂታል ማስረጃ ይሰጣል። ቶከን የሚሰጠው፣ ለምሳሌ በስልክ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጠው ባለ 6 አሃዝ ኮድ ግን ለዚህ አሠራር አይመችም፤ ለመመርመር ኮዱ ራሱ መላክ አለበትና። ስለዚህ አብዛኛው ድካም ያለው ቶከኑ ላይ ሳይሆን ኮዱ ተሸፍኖ የሚያልፍበትን መንገድ በማዘጋጀቱ ላይ ነው። የሚከተለው አሠራር የሚያገለግለው ከ1.12 ጀምሮ ላሉት የኤምአይቲ ከርቤሮስ ስሪቶች ነው።

በመጀመሪያ ኮዱን የሚመረምር ሰርቨር ያዘጋጁ። ቲኬት ሰጪው ኮዱን በራሱ አይመረምርም፤ ለራዲየስ ሰርቨር (የመግቢያ ጥያቄዎችን ተቀብሎ ለሚመረምር ሰርቨር) አስተላልፎ መልሱን ይጠብቃል። ለዚህ ፍሪራዲየስ የተባለውን ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል፤ ከከርቤሮስ ጋር ከማገናኘትዎ በፊት ግን ኮድ መቀበሉንና የተሳሳተውን መመለሱን ለብቻው ይፈትኑት። ሰዓቱንም አደራ። ከርቤሮስ እስከ 5 ደቂቃ የሚደርስ የሰዓት ልዩነትን ይታገሣል፤ የቶከን ኮድ ግን ከሰዓቱ የሚሰላ ስለሆነ ከርቤሮስ የማይቆጥረው የ2 ደቂቃ መዛባት ትክክለኛውን ኮድ ውድቅ ሊያደርገው ይችላል።

ቀጥሎ የቲኬት ሰጪውን የማስተካከያ ፋይል ከፍተው «ኦቲፒ» (የአንድ ጊዜ ኮድ ማለት ነው) የሚል ክፍል ይጨምሩ (ስሞቹ በፋይሉ ውስጥ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ)። በክፍሉ ውስጥ ለቶከኑ ዓይነት የፈለጉትን ስም ይስጡ፤ በሥሩም የራዲየስ ሰርቨሩን አድራሻ ከወደብ ቁጥር 1812 ጋር፣ እንዲሁም ሁለቱ ሰርቨሮች የሚጋሩት ምስጢር የተጻፈበትን ፋይል መገኛ ያስገቡ። እዚህ ላይ የሚጻፈው የፋይሉ መገኛ እንጂ ምስጢሩ ራሱ አይደለም፤ ፋይሉንም ከሩት (ሙሉ ሥልጣን ካለው የማሽኑ ተጠቃሚ) በቀር ማንም እንዳያነበው ይዝጉት። ከዚያ አገልግሎቱን እንደገና ያስነሡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የተሸፈነው መንገድ «ፋስት» ይባላል፤ ተጠቃሚው ኮዱን ከመላኩ በፊት ኮምፒውተሩ ሌላ ቲኬት በእጁ ሊኖረው ይገባል። ኮምፒውተሩ በከርቤሮስ የተመዘገበ የራሱ ቁልፍ ካለው በዚያ ቲኬት ያወጣል። ከሌለው ለቲኬት ሰጪው ሰርተፊኬት ያዘጋጁ፣ የሰርተፊኬት ሰጪውን ፋይል በየኮምፒውተሩ ያስቀምጡ፣ ስም የለሽ የሚባለውንም ልዩ መለያ ይፍጠሩ፤ ያኔ ማንም ኮምፒውተር ማንነቱን ሳይገልጽ የመሸፈኛ ቲኬት ማውጣት ይችላል። ተጠቃሚው «ኪኒት» በሚለው ትእዛዝ ሲገባ ያ ቲኬት የተቀመጠበትን ፋይል «ቲ» በሚለው አማራጭ (በትልቁ ፊደል) ያመለክታል።

ከዚያ አንድ የሙከራ ተጠቃሚ ብቻ ይምረጡ። «ኬአድሚን» በሚለው የአስተዳደር ትእዛዝ ቅድመ ማረጋገጫን (ቲኬት ከመሰጠቱ በፊት ማንነትን ማረጋገጥን) ግዴታ ያድርጉበት፤ በተጠቃሚው መዝገብ ላይም «ኦቲፒ» የሚል የጽሑፍ መለያ ጨምረው የቶከኑን ዓይነት ስም በያዘ፣ ጄሰን በሚባለው የመረጃ አጻጻፍ በተዘጋጀ አጭር ዝርዝር ይሙሉት። ሲሞክሩት የሚመጣውን ጥያቄ ልብ ይበሉ፦ የቶከኑን ዋጋ እንዲያስገቡ ከተጠየቁ መንገዱ ተከፍቷል፤ የይለፍ ቃል ከተጠየቁ ግን ራዲየሱን ከመነካካትዎ በፊት የመሸፈኛውን ቲኬት ይመርምሩ፤ ኮዱ እዚያ ድረስ አልደረሰምና። አንዳንዴ ደግሞ ትክክለኛ ኮድ «ተሠርቶበታል» ተብሎ ይመለሳል፤ መልሱ ሲዘገይ ኮምፒውተሩ ያንኑ ኮድ ለሁለተኛ ቲኬት ሰጪ ልኮት ሊሆን ስለሚችል ግንኙነቱ ቲሲፒ የተባለውን የመላኪያ ዘዴ እንዲያስቀድም ያድርጉ።

ሙከራው ከተሳካም በኋላ የተጠቃሚው የቀድሞ ቁልፍ በመዝገቡ ውስጥ እስካለ ድረስ በይለፍ ቃል ብቻ መግባት ይቻላል። ይህን በር ለመዝጋት የተጠቃሚውን ቁልፎች በሙሉ ይሰርዙ። የአስተዳዳሪውን መለያ ግን ለጊዜው ባይነኩት ይሻላል፤ ነክተውት ራዲየሱ ቢቋረጥ እንኳ ቲኬት ሰጪው ባለበት ማሽን ላይ በሩት ገብተው «ኬአድሚን ሎካል» የተባለውን፣ በዚያው ማሽን ላይ በቀጥታ የሚሠራውን የአስተዳደር ትእዛዝ በማስነሣት ያለ ቶከን ማስተካከል ይችላሉ።