የእንቁጣጣሽ ካርድና የስጦታ መለያ በዳይ ሲቆረጥ፦ ችግሮቹ፣ መንስኤዎቻቸውና መፍትሔዎቻቸው

የእንቁጣጣሽ ካርድ የሚሠራው አደይ አበባ ሜዳውን ከመሸፈኑ በፊት፣ በነሐሴና በጳጉሜን ዝናብ ውስጥ ነው። በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቈጠራ ክረምት የሚያበቃው መስከረም 25 ቀን ስለሆነ፣ ካርዱ የአበባውን ወራት ቢያበስርም የተሠራበት ወረቀት ግን ገና የክረምቱን እርጥበት እንደጠጣ ነው። ይህን የማነሣው ለወጉ ያህል አይደለም። በመቁረጫ ማሽኑ ወይም በዳዩ፣ ማለትም ወረቀቱን በሚቆርጠው ስለታም የብረት ቅርጽ፣ ላይ ከሚቀርበው አቤቱታ አብዛኛው፣ ተከታትለው ሲደርሱበት፣ የወረቀቱ ወይም አብሮት ወደ ማሽኑ የሚገባው የፕላስቲክ ሰሌዳ ጥፋት ሆኖ ይገኛል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት «ዶልዱሟል» ብዬ የጣልኩት የአበባ ዳይ ምንም እንዳልነበረበት የተረዳሁት ሌላ ገዝቼ ያው ችግር ሲደገም ነበር።

ከዚህ በታች የሚነገረው በእጅ በሚዞር የዳይ ማሽን ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ዳይ የምንለው ጠርዙ ስለት የሆነ ቀጭን የብረት ቅርጽ ሲሆን፣ ወረቀቱና ዳዩ በሁለት የፕላስቲክ ሰሌዳዎች መካከል ሆነው በሁለት ሮለሮች መሐል በግፊት ያልፋሉ። የሰሌዳዎቹ አደራረብ ከማሽን ማሽን ሊለያይ ይችላል፤ የማይለወጠው ሕግ ግን የዳዩ ስለት ምንጊዜም ወደ ወረቀቱ መዞር እንዳለበት ነው።

አበባው በአንድ በኩል ተቆርጦ በሌላው በኩል ሲቀር

በብዛት የሚታየው ምልክት ይህ ነው፤ ከስምንቱ የአበባ ቅጠል አምስቱ ወይም ስድስቱ በንጽሕና ተቆርጠው የቀሩት ከወረቀቱ ጋር እንደተያያዙ ይወጣሉ። መንስኤው ከሦስት ቦታ በአንዱ ሊሆን ስለሚችል፣ እጀታውን ደጋግሞ ከማዞርና ሰሌዳውን ከመሰንጠቅ በፊት የት እንዳለ መለየት ያስፈልጋል። መለያው ቀላል ነው። በመጀመሪያ ሰሌዳዎቹን ሳይነኩ ዳዩን ብቻ ግማሽ ዙር አዙረው እዚያው ቦታ ላይ አስቀምጠው ይቁረጡ። ያልተቆረጠው ቦታ ከዳዩ ጋር አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የዳዩ ነው፤ ስለቱ ተጎድቷል ወይም ብረቱ ጎብጧል። ቦታው ሳይንቀሳቀስ ከቀረ ደግሞ ዳዩን እንደነበረ ትተው ሰሌዳዎቹን ግማሽ ዙር ያዙሩ። አሁን ያልተቆረጠው ቦታ ከሰሌዳው ጋር ከዞረ ሰሌዳው በዚያ በኩል ሳስቷል ማለት ነው፤ አሁንም በዚያው ከጸና ግን ግፊቱ የሚያንሰው በሮለሮቹ በአንድ ጎን ነው።

ሰሌዳው ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ተወዳጅ ዳይ ሁልጊዜ መሐል ላይ እየተቀመጠ ስለቱ የቆፈረው ጎድጓዳ መስመር ይታያል። ስለቱ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ሲገባ ወረቀቱን የሚደግፍ ነገር ስለማያገኝ አይቆርጥም። ዳዩን ጥቂት ፈቀቅ ማድረግ ለዕለቱ ይበቃል፤ ለዘለቄታው ግን ሰሌዳውን በየቁርጡ መገልበጥ፣ ያላግባብ እንዳይጎብጥም ከላይና ከታች የሚውሉትን ሰሌዳዎች ማፈራረቅ ይገባል። ግፊቱ በጥቂቱ ብቻ ካነሰ ከሰሌዳው ሥር አንድ ተራ 80 ግራም የኮፒ ወረቀት መጨመር፣ ካልበቃም ሁለተኛ መድገም ነው። ወፍራም ካርቶን ወዲያውኑ መጨመር የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመክረውም፤ ምክንያቱም እጀታው በግድ የሚዞር ከሆነ የሚሰበረው ማርሹ ወይም ሰሌዳው እንጂ ወረቀቱ አይደለም። ቀጥ ያለ ረጅም ጠርዝ ያለውን ዳይ፣ ለምሳሌ የስጦታ መለያ አራት ማዕዘኑን፣ ጠርዙ በአንድ ጊዜ ከሮለሩ ጋር እንዳይጋጠም ትንሽ አጋድሞ ማስገባትም ጉልበቱን በእጅጉ ይቀንሳል።

የአበባ ቅጠሉ በዳዩ ውስጥ ተወትፎ ሲቀር ወይም ሲወጣ ሲቀደድ

የክረምቱ ወረቀት ራሱን የሚገልጥበት ቦታ ይህ ነው። እርጥበት የጠጣ ወረቀት ቃጫው ስለሚለሰልስ በስለቱ ከመቆረጥ ይልቅ ይጨፈለቃል፤ ጠርዙ ጸጉር ያበቅላል፤ በዳዩ ጠባብ ክፍተቶች ውስጥም ይሰነቀራል። በተለይ ከአሮጌ ወረቀት ተመልሶ የተሠራ ወረቀት ቃጫው አጭር ስለሆነ ይህ ችግር ይብስበታል። አንድ ሰው በጥር ወር በዚያው ዳይና በዚያው ወረቀት ያለ ችግር ሲቆርጥ ኖሮ በነሐሴ ሲቸገር፣ ስለቱን ከመጠርጠሩ በፊት ወረቀቱ የት እንዳደረ ራሱን ቢጠይቅ ይሻላል።

ወረቀቱን ማድረቅ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ከሰል ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ወረቀት በአንድ ፊቱ ብቻ ደርቆ እንደ ቆዳ ይጠቀለላል። የሚሻለው ወረቀቱን አጋድሞ በሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት ትንንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጥቂቶቹን ጨምሮ፣ ለአንድ ሁለት ቀን ማቆየት ነው። ጊዜ ከሌለ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል አድርጎ፣ ውኃና እንፋሎት በሌለው ለብ ባለ ካውያ ከሁለቱም ፊት መተኮስ ይቻላል። ከዚያ በኋላም የተወተፈ ካለ፣ በዳዩና በወረቀቱ መካከል የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ቁራጭ ማስገባት ቅርጹ ተንሸራቶ እንዲወጣ ያደርገዋል። ከዳዩ ጀርባ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች የተሠሩት በመርፌ ወይም በስቴኪኒ እየገፉ ለማውጣት ነው፤ በጥፍር የሚጎትት ሰው ቅጠሉን ይቀድዳል። ቁርጡ ቀርቶ ቅርጹ በጥቂት ቃጫ ብቻ ከተያያዘ ሳይነቃነቅ ወደ ማሽኑ መልሶ አንድ ጊዜ ማሳለፍ ይበቃል፤ ዳዩ እንዳይንሸራተት ግን ከመጀመሪያው ማጣበቂያው ደከም ባለ ፕላስተር መያዝ ነበረበት።

ካርዱ በማጠፊያው ላይ ሲሰነጠቅ

ወረቀት ሲሠራ ቃጫዎቹ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። በዚያ አቅጣጫ የታጠፈ ወረቀት ይታዘዛል፤ ቃጫውን አቋርጦ የታጠፈ ግን ይሰነጠቃል፤ ቀለም የተቀባ ወረቀት ከሆነም ነጩ ልብ በስንጥቁ ይታያል። አቅጣጫውን ለማወቅ ወረቀቱን ሳያጥፉ በሁለቱም በኩል ቀስ አድርጎ ማጉበጥ ነው፤ በቀላሉ የሚጎብጥበት መስመር ቃጫው የተኛበት ነው።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን አንድ ስሌት ላስረዳ። በገበያ ያለው የኤ4 ወረቀት ቃጫው ባብዛኛው በረጅሙ፣ ማለትም በ297 ሚሊ ሜትሩ አቅጣጫ ይተኛል። ይህን ወረቀት ሳይቆርጡ መሐል ለመሐል አጥፈው ትልቅ ካርድ ሲያደርጉት ማጠፊያው በአጭሩ በኩል ስለሚሄድ ቃጫውን ያቋርጣል፤ ይሰነጠቃልም። ወረቀቱ አስቀድሞ ለሁለት ተቆርጦ እያንዳንዱ ግማሽ ወደ 105 በ148 ሚሊ ሜትር ቢታጠፍ ግን ማጠፊያው ከቃጫው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ከአንድ ወረቀትም ሁለት ካርድ ይገኛል። ትልቁን ካርድ የግድ የሚፈልግ ሰው በሌላ አቅጣጫ የተቆረጠ ወረቀት ይፈልግ፤ ካልሆነም መስመሩን ጠለቅ አድርጎ ያስርግ።

መስመር ማስረግ ማለት ቀለሙ ባለቀ እስክሪፕቶ በማስመሪያ ተደግፎ፣ ወረቀቱን ሳይቆርጡ መጫን ነው። ከ200 ግራም በላይ የሆነ ወረቀት ያለዚህ መታጠፍ የለበትም። አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ካርዱ ሲታጠፍ የሰረገው ጎድጓዳ ወደ ውጭ፣ ከጀርባው የሚያብጠው ደግሞ ወደ ውስጥ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚገምተው ተቃራኒውን ነው፤ በዚህም ምክንያት ሰርጎ የታጠፈው ካርድ ሳይሰርግ ከታጠፈው ብሶ ይሰነጠቃል። በዱባይ ወይም በዶሃ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ አየር በሚነፋበት ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ደግሞ ከእኛ በተቃራኒው ይቸገራሉ፤ ወረቀቱ ከልክ በላይ ስለሚደርቅ ትክክል ተሰልቶም ይሰነጠቃል። ለእነርሱ መፍትሔው ከማጠፋቸው በፊት የሰረገውን መስመር እርጥበቱ እምብዛም በማይታወቅ ስፖንጅ አንድ ጊዜ ማበስ ነው።

አበባው ከተለጠፈ በኋላ ካርዱ ሲጎብጥ

ነጭ ኮላ ውኃ አለበት። ውኃው የገባበት ፊት ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሌላው ፊት ባለበት ስለሚቆይ ካርዱ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። በዝናብ ወራት ኮላው የሚደርቀው በዝግታ ስለሆነ ወረቀቱን የሚያበጥበት ጊዜም ይረዝማል። ኮላውን በስቴኪኒ ጫፍ ከአበባው እምብርት ላይ ብቻ ማድረግ፣ ቅጠሎቹን ነጻ መተው ይሻላል፤ እንዲያውም ቅጠሎቹን በእርሳስ ላይ ጠምዘዝ አድርጎ ቀና ሲያደርጓቸው አደዩ ሕይወት ይዘራል። ሰፊ ወረቀት በወረቀት ላይ ሲለጠፍ ግን ኮላውን ትቶ ሁለት ፊት ያለው ፕላስተር መጠቀም ይመረጣል። አስቀድሞ የጎበጠ ካርድ ካለ፣ በውስጥ በኩል ተመጣጣኝ ወረቀት ለጥፎ ከወፍራም መጽሐፍ ሥር ማሳደር ጉብጠቱን ያመጣጥነዋል።

በውኃ ቀለም የሚሠሩ ሰዎች ቅደም ተከተሉን ቢለውጡ ከብዙ ድካም ይድናሉ። ቀለሙ መቀባት ያለበት ከመቁረጥ በፊት፣ በሙሉው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ደርቆና በክብደት ሥር ተስተካክሎ ከቆየ በኋላ ሲቆረጥ ጠርዙ ይጠራል፤ ተቆርጦ የተቀባ ቀጭን ቅጠል ግን እንደ ደረቀ የሙዝ ቅጠል ይኮማተራል።

ጽሑፉ ተገልብጦ ሲወጣ ወይም የፊደሉ ሆድ ሲወድቅ

የግዕዝ ፊደል ያለው ዳይ እንደ ላቲኑ በየሱቁ ስለማይገኝ፣ አብዛኛው ሰው «እንቁጣጣሽ» የሚለውን በኮምፒዩተር በሚታዘዝ መቁረጫ ወይም በከተር ይቆርጠዋል። ጽሑፉ እንደ መስኮት ተበስቶ ከሥሩ ቢጫ ወረቀት እንዲታይ ሲፈለግ፣ የ«ቁ» ሁለት ሆዶች፣ ማለትም በፊደሉ መስመር የተከበቡት ቦታዎች፣ ከአካባቢያቸው ጋር ምንም ግንኙነት ስለሌላቸው አብረው ወድቀው ፊደሉ ድፍን ክብ ሆኖ ይቀራል። «መልካም አዲስ ዓመት» በሚለው ውስጥ «መ»፣ «ም» እና «ዓ» ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። መፍትሔው ሆዱን ከውጭው ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ድልድይ በንድፉ ላይ መተው ወይም የወደቁትን ሆዶች ሰብስቦ አንድ በአንድ መልሶ መለጠፍ ነው። የፊደሉ ቀጭን ጎን ከሁለት ሚሊ ሜትር ባያንስ ይመረጣል፤ ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚፈራረቅበት የፊደል ቅርጽ ለዓይን ቢያምርም ሲቆረጥ ይበጠሳል።

ፊደሎቹ ተቆርጠው በተናጠል የሚለጠፉ ከሆነ መስመራቸው ይዛባል። የተበሳውን ወረቀት አይጣሉት፤ በካርዱ ላይ አስቀምጠው ፊደሎቹን ኮላ ቀብተው በየቀዳዳቸው ካስገቡ በኋላ ሲያነሡት ቃሉ እንደተነደፈው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ጽሑፉ ተገልብጦ ከወጣ ደግሞ አንድ ፊቱ ብቻ ቀለም ያለው ወረቀት ቀለሙ ከስለቱ ተቃራኒ ሆኖ ገብቷል ማለት ነው፤ የሚታየው ፊት ምንጊዜም ወደ ስለቱ ይዙር።

ቢጫው ሲደበዝዝ

የውኃ ቀለም ብርሃን ያሳልፋል፤ ስለዚህ በቡናማ ወረቀት ላይ የተቀባ ቢጫ የአደይን ቢጫ ሳይሆን የሰናፍጭ መልክ ይይዛል። አበባውን ከቢጫ ወረቀት መቁረጥ ወይም ሥሩን አስቀድሞ ነጭ መቀባት ነው። በነጭ ካርድ ላይም ቢጫ ከሩቅ አይለይም፤ ከሥሩ የአረንጓዴ ቅጠል ድርድር ሲገባ ወዲያው ይገለጣል።

መለያው ከክሩ ሲበጠስ፣ ካርዱም ፖስታው ውስጥ አልገባ ሲል

ቀዳዳው ለጠርዙ ከቀረበ ክሩ ይበጥሰዋል። ከጠርዙ አምስት ወይም ስድስት ሚሊ ሜትር ማራቅና በቀዳዳው ዙሪያ ከፊትም ከኋላም ትንሽ የወረቀት ቀለበት መለጠፍ በቂ ነው። መለያው የሚታሰረው በድፎ ዳቦ ላይ ከሆነ ዳቦው እስኪበርድ ይጠበቅ፤ እንፋሎቱ ኮላውን ያላቅቀዋል።

105 በ148 የሆነው ካርድ 114 በ162 ሚሊ ሜትር በሆነው ፖስታ ውስጥ ልኩ ነው፤ ይህ ግን ጠፍጣፋ ለሆነ ካርድ ነው። አበባው በስፖንጅ ፕላስተር ከፍ ከተደረገ ውፍረቱ የፖስታውን ጎን ስለሚወጥረው ክዳኑ ሊዘጋ አይችልም። በእጅ ለሚሰጥ ካርድ ይህ ችግር አይሆንም፤ ወንዶች ልጆች የሣሉትን አበባ ለጎረቤት የሚሰጡት ያለ ፖስታ ነው። በፖስታ ቤት በኩል ወደ ውጭ አገር ለሚላከው ግን ስፖንጁን ትተው ሁለቱን የአበባ ድርብርቦች በእምብርታቸው ብቻ ያጣብቁ፤ ቅጠሎቹ በመንገድ ላይ ይተኛሉ፤ ተቀባዩ በጣቱ ቀና ያደርጋቸዋል።