ባለመጋዘኑ «እህልህን አልለቅም» ሲል፦ ገዢዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

እህል ገዝታችሁ፣ ከፍላችሁ፣ መኪና ይዛችሁ ስትደርሱ ባለመጋዘኑ «አላስጭንም» ይላል። ከቡሬ በቆሎ፣ ከፍኖተ ሰላም በርበሬ፣ ከቢቸና ጤፍ የሚያወጣ ነጋዴ ነገሩን ያውቀዋል። ያለ ሕጋዊ ምክንያት የሰው ንብረት የያዘ ባለመጋዘን ዕቃውን ከማስረከብ አልፎ ያደረሰውን ኪሳራም መካስ አለበት። የሚያንገበግበኝ፣ እውነቱ ከገዢው ጋር ሆኖ ሳለ በአካሄድ ስህተት ጉዳዩ ሲበላሽ ማየት ነው።

ከሻጩ ጋር ጨርሶ ባለመጋዘኑን መርሳት

እንበል 200 ኩንታል በቆሎ ገዛችሁ። ሻጩ ብሩን ተቀብሎ «መጋዘን አለ፣ ሄደህ ጫን» አለ። ባለመጋዘኑ ግን እናንተን አያውቅም፤ እህሉን ያስገባው ሻጩ ነው፣ ደረሰኙም በሻጩ ስም ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1186 መሠረት የተንቀሳቃሽ ዕቃ ባለቤትነት ወደ ገዢው የሚያልፈው ዕቃውን በእጁ ሲያደርግ ነው። እህሉ ከመጋዘን ሳይወጣ ከተሸጠ ደግሞ ደረሰኙ መተላለፍ አለበት፣ ወይም ባለመጋዘኑ ራሱ «ከዛሬ ጀምሮ ለእናንተ ነው የምይዘው» ብሎ ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሦስታችሁም ተቀመጡ። የእህሉን ዓይነት፣ የኩንታሉን ብዛት፣ ኪራዩን ማን እንደሚከፍልና የምትጭኑበትን ቀን ጽፋችሁ ተፈራረሙ። እህሉን ለሌላ ደንበኛ ቃል ገብታችሁበት ከሆነ እዚያው ላይ ይጻፍ፤ በኋላ ከፍ ያለ ኪሳራ ስትጠይቁ «አላውቅም ነበር» እንዳይል።

የኪራይ ብር አልከፍልም ብሎ ድርቅ ማለት

ባለመጋዘን ለዚያው እህል የማከማቻ ክፍያ እስኪያገኝ ዕቃውን ይዞ የመቆየት መብት አለው። «ሻጩ ይክፈልህ» ብላችሁ ከተሟገታችሁ እህሉን የያዘበትን ምክንያት ሕጋዊ ታደርጉለታላችሁ። አንቀጽ 1757ም የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ ያልሆነ ሰው ሌላውን «ፈጽም» ማለት እንደማይችል ይናገራል። ሒሳቡን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ከዚያ ከሻጩ ጋር ተሳሰቡ።

የሻጩን ዕዳ የራስ አድርጎ መቀበል

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ባለመጋዘኑ «ሻጩ አምና የወሰደውን ብድር አልመለሰልኝም፣ እሱ ካልከፈለ እህሉ አይወጣም» ይላል። ይህ ከእናንተ እህል ጋር ምን አገናኘው? የመያዝ መብቱ እዚያ መጋዘን ውስጥ ላለው እህል ከወጣ ወጪ ጋር የተያያዘ ነው። ከሻጩ ጋር ያለው የቆየ ሒሳብ በእናንተ ንብረት አይወራረድም። መኪናው ቆሞ ሲያስከፍል፣ ገበያውም ሲያመልጥ «ከፍዬ ልገላገል» ማለት ያጓጓል፣ ይገባኛል። ግን ዕዳው የሌላ ሰው መሆኑን እያወቀ በፈቃዱ የከፈለ ሰው ብሩን ማስመለስ በጣም ይከብደዋል። አማራጭ አጥታችሁ ከከፈላችሁ እንኳ ዕዳው የእናንተ እንዳልሆነና እህሉን ለማስለቀቅ ተገድዳችሁ እንደከፈላችሁ እዚያው ወረቀት ላይ አስፍሩ።

አንድ ነገር ግን ለዩ። ፍርድ ቤት እህሉን ካገደው ወይም እህሉ ለባንክ በመያዣነት ከተሰጠ ባለመጋዘኑ አለመልቀቁ ጥፋት አይደለም። ትእዛዙን ወይም የመያዣ ውሉን አሳየን በሉት። ሌላ ሰው «የኔ ነው» ብሎበት ተጠራጥሮ ከሆነም ለራሱ የሚበጀው እህሉን በፍርድ ቤት በኩል ማስቀመጥ ነው እንጂ ለወራት ቁልፉን ይዞ መቀመጥ አይደለም።

በስልክ እየተጨቃጨቁ ወር ማሳለፍ

«ደውዬለት ነበር» ማስረጃ ለመሆን ይቸገራል። ሕጉ (አንቀጽ 1772) ውል አልተፈጸመልኝም ከማለት በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠትን በመርህ ደረጃ ይጠይቃል። አጭር ደብዳቤ ይበቃል፦ ይህን ያህል ኩንታል፣ በዚህ ደረሰኝ፣ ኪራዩን ለመክፈል ዝግጁ ነኝ፣ እስከዚህ ቀን አስረክቡኝ። በምስክር ፊት ስጡት፣ ኮፒው ላይ አስፈርሙ፤ አልፈርምም ካለ ምስክሮቹ ያንኑ ጽፈው ይፈርሙ።

ቁልፍ መስበር

ልጆች ሰብስቦ በር መገንጠል ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ያወርዳል። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ሳይመዝኑ መፈረም

ከሽምግልና በኋላ ባለመጋዘኑ ግማሹን ይለቃል፣ «ሙሉ በሙሉ ተረክቤአለሁ» የሚል ወረቀትም ያቀርባል። በድካም ትፈርማላችሁ። ቀሪው እህል፣ የነቀዘውም ሆነ የጎደለው፣ በዚያች ፊርማ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሚዛን ላይ አውጡት፣ ጆንያ ፈትታችሁ እዩ፣ የተቀበላችሁትን ብቻ ጻፉ፣ «የቀረውን መብቴን እንደጠበቅሁ ነው» በሉ።

ኪሳራን ሳይመዘግቡ መክሰስ

ዳኛ በግምት አይከፍልም። እህሉ መውጣት በነበረበት ቀን የነበረውን ዋጋ፣ በኋላ ሲወጣ የተሸጠበትን፣ ለቆመ መኪና የከፈላችሁትን በደረሰኝ ያዙ። ከዚህ ጋር አንቀጽ 1802ን አትርሱ፤ ያለ ብዙ ወጪና እንግልት ጉዳቱን መቀነስ እየቻለ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ያንን ክፍል ላያገኝ ይችላል። ለምሳሌ መኪናው ያለ ሥራ ሳምንት ሙሉ እንዲቆም ማድረግ አያዋጣም።

«ይደርሳል» ብሎ መዘግየት

በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በአጠቃላይ 10 ዓመት ጊዜ አለው። ነገር ግን ከባለመጋዘኑ ጋር የራሳችሁ ውል ከሌላችሁ ክሱ ከውል ውጭ ኃላፊነት ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ ያ ደግሞ 2 ዓመት ብቻ ነው። እህሉ ራሱ ያን ያህል አይጠብቅም፤ ክረምት ከገባ እርጥበትና ነቀዝ ይጨርሱታል። ስለዚህ ክሱን ስትከፍቱ ባለመጋዘኑ እህሉን እንዳይሸጥ የዕግድ ትእዛዝ ጠይቁ። የሚበላሽ ከሆነ ደግሞ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤቱ ዕቃውን አስቀድሞ እንዲያሸጥ ይፈቅዳልና፣ ተሽጦ ብሩ በፍርድ ቤት እንዲቀመጥ በዚያው አቤቱታ ላይ አመልክቱ።